ኮሶው የማን እጅ ነው?

ቢቸና ላይ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ በገዛሁት የውሃ ቀለም ሥዕል ግርጌ በእርሳስ የተጻፉ ሁለት የላቲን ሆሄያት አሉ፤ «ጄ» እና «ቢ»። ነጋዴው በእነዚህ ተማምኖ ሥዕሉን ለጄምስ ብሩስ ሰጠው። «ዓባይ ምንጭ ድረስ የመጣው ፈረንጅ እኮ ነው፣ ወንድሜ» አለና ዋጋውን ሰቀለው። ልቤን የወሰደው ግን ሆሄያቱ ሳይሆኑ ኮሶው ነው።

አንድ ቅርንጫፍ ነው፤ አበባው ተንዠርጎ ወደ ታች ወርዷል። ኮሶ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ነው፤ ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ሲሆን ለትል መድኃኒትነት የሚፈለገውም እሱ ነው። ሠዓሊው የመረጠው ይህንኑ ሴቴውን ነው። ቅጠሉን አስጠግቼ ሳየው ደግሞ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ በተሰነጣጠሩት ረጃጅም ቅጠሎች መካከል ትንንሽ ክብ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ገብተዋል። ኮሶ በእርግጥ እንዲህ ነው፤ ነገር ግን ከጥላው ሥር አድጎም ይህን ሳያስተውል የኖረ ብዙ ሰው አለ። ይህን የሣለ ሰው ቅጠሉን በእጁ ይዞ፣ አገላብጦ አይቷል።

ታዲያ ማን ነው? የብሩስ ስም ያለ ነገር አልተነሣም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1769 በምፅዋ ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 4 ቀን ግሽ ዓባይ ላይ ቆመ። በ1790 ያሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ኮሶን በሥዕል ይዟል፤ ለእንግሊዛዊው የእፅዋት ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር «ባንክሲያ አቢሲኒካ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ግን ወደ ግሽ የሄደው ከጣና በስተ ምዕራብ ዞሮ ነው፤ የቢቸና ሥዕል ከዚያ መንገድ እንዴት ይመጣል? ከመጽሐፉ የተቀዳስ ቢሆን? የመጽሐፉ ሥዕሎች በመዳብ ተቀርጸው በጥቁር ቀለም የታተሙ ናቸው፤ የእኔው ቀይና አረንጓዴ ነው። ይህ ግን ሩቅ አያስኬድም፤ ጮቄ ተራራ ሥር ያደገ ሰው የኮሶን ቅላት ከመጽሐፍ አይማርም፤ ቅርጹን ቀድቶ ቀለሙን ከራሱ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የቅርንጫፉ አጣጣልም የአበባው አወራረድም አይገጥምም። በመዳብ የተቀረጸ ሥዕል ሲታተም ግራና ቀኙ ስለሚገለባበጥ ገልብጬም አየሁት፤ አሁንም አይገጥምም።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። የብሩስ የሚባሉት ሥዕሎችስ የብሩስ ናቸው? ብሩስ ብቻውን አልመጣም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል፣ በ1737 ቦሎኛ የተወለደ ሠዓሊ ቀጥሮ ነበር። ባሉጋኒ በ1771 መጀመሪያ ጎንደር ላይ ሞተ፤ አገሩን ሳያይ ቀረ። ብሩስ በመጽሐፉ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የሥዕሉንም ክብር ለራሱ ወሰደ። ይሁን እንጂ ባሉጋኒ ወደ ግሽ ሲሄድ በጣሊያንኛ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ተርፎ ስለነበር አብሮ መሄዱ ታወቀ። ሐልተን፣ ሄፐርና ፍሪስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የእፅዋቱን ሥዕሎች አንድ በአንድ መርምረው በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ የባሉጋኒን ስም አስቀደሙ። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የሟች እጅ በሌላ ሰው ስም ሲመሰገን ኖሯል። ይህን ሳነብ አዘንኩ፤ ነጋዴው የሰጠኝንም ስም ከዚያ በኋላ በቀላሉ መቀበል አልቻልኩም።

ወረቀቱን ወደ መመርመር ዞርኩ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ሐምራዊ መብራት አለ። ተራ ነጭ ወረቀት በዚያ መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል፤ የገንዘብ ወረቀት አይፈካም። የሚያፈካው ወረቀቱ እንዲነጣ ፋብሪካ ውስጥ የሚጨመር ኬሚካል ሲሆን፣ በወረቀት ሥራ የተለመደውም ከ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ ነው። ሞጣ አንድ ባለ ሱቅ መብራቱን አበደረኝ። ሥዕሉ ፈካ። ወዲያው ግን ጥርጣሬ ገባኝ፦ የልብስ ማጠቢያ ዱቄትም ይኸው ኬሚካል አለበት፤ የኦሞ ውሃ ነክቶት ቢሆንስ? የተቀደደውን ጠርዝ በመርፌ ፈልቅቄ ውስጡን አየሁ። ውስጡም እኩል ይፈካል። ወረቀቱ አዲስ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ከወረቀቱ ሊቀድም አይችልም። ብሩስም ባሉጋኒም በዚህ ወጡ።

ሆሄያቱስ? ወረቀቱ መካከሉ ላይ አንድ ጊዜ ታጥፎ ኖሯል፤ የእጥፋቱ መሥመር በ«ቢ» ሆድ ያልፋል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የእርሳሱ ጥቁረት በተሰበረው ወረቀት ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። ሆሄያቱ የተጻፉት ሥዕሉ ታጥፎ ከከረመ በኋላ ነው ማለት ነው። ሠዓሊው ከዓመታት በኋላ ፈርሞ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ይቻላልም። ግን ለመሸጥ የቋመጠ ሰው ቢጽፈውም ይኸው ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ ፊርማ ላይ ስም መገንባት አልደፍርም።

በአራቱም ማዕዘን የዛገ የሚስማር ቀዳዳ አለ፤ በጀርባው የደበዘዘ «...ኛ ክፍል» ይነበባል። ሥዕሉ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሞጣ ወዳሉ አንድ ጡረተኛ መምህር ወሰድኩትና «ጋሼ፣ ይህን የሣለ መምህር ያስታውሳሉ?» አልኳቸው። ብዙ አዩት። «መምህርማ ያዝዛል እንጂ መች ይሥላል፣ ልጄ» አሉኝ። «የማስተማሪያውን ሥዕል እጁ የተባረከ ተማሪ እየፈለግን ነበር የምናሠራው። ከሥር የሚጻፈው የክፍሉ ስም ነው፤ ቢበዛ የመምህሩ።»

በአብያተ ክርስቲያናቱም ቢሆን ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ ስሙ ከአጠገቡ ተጽፎ የሚታየው ሥዕሉን ያሣለው ሰው ነው፤ ሠዓሊው ስሙን የሚተወው ከስንት አንዴ ነው። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን የታወቀው ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለች አንዲት ስሙ በተጻፈባት ሥዕል ነው። ስሙ አንድ ጊዜ ከተገኘ ወዲያ ሊቃውንቱ የፊት አሣሣሉንና የልብስ እጥፋቱን እያመሳሰሉ ሌሎች ሥራዎችን ወደ እሱ መለሱ። ለአንድ የትምህርት ቤት ልጅም ይኸው መንገድ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ከሥዕሉ ጀርባ በተለየ ወረቀት እንዲህ ጽፌ አያያዝኩ፦ «ሴቴ ኮሶ። የውሃ ቀለም፣ ከ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ በተሠራ ወረቀት ላይ። ቢቸና የተገዛ። ሠዓሊው አልታወቀም፤ ሆሄያቱ በኋላ የተጨመሩ ናቸው።» አንድ ገዢ የብሩስን ስም ብተውለት ሻል ያለ ዋጋ እንደሚሰጠኝ ነግሮኛል፤ አልሸጥኩለትም።

አሁን በቢቸናና በሞጣ መካከል፣ በደብረ ወርቅም በኩል፣ አሮጌ ትምህርት ቤቶች መጋዘን ውስጥ ተጠቅልለው የቀሩ ሥዕሎች እንዳሉ እያጠያየቅሁ ነው። የምፈልገው አንድ ልማድ አለ፦ ይህ ልጅ የቅጠሉን ጥላ በጥቁር አያጠቁርም፤ ስስ ሰማያዊ ያለብሰዋል፣ ሰማያዊውም ሁልጊዜ ከመካከለኛው ጅማት በስተ ግራ ነው። የልብም ሆነ የባቄላ አበባ ሥዕል ላይ ይህን ካየሁ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነባለሁ።