ካሳና እቁብ

በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት፣ ከይዞታው ለዘለቄታው ተነስቶ ምትክ መሬት ያላገኘ አርሶ አደር የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱን ወደ 15 ከፍ አደረገው፤ መነሻውም ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ ገቢ የተገኘበት ዓመት ሆነ። ከተማ ውስጥ ቤቱ ለሚፈርስበት ሰው ደግሞ የሚታሰበው የቤቱ ማሠሪያ ዋጋ ነው፤ የመሬቱ ዋጋ የለበትም፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። ያም ሆነ ይህ፣ የአርሶ አደሩ የአሥራ አምስት ዓመት ገቢ በአንድ ቀን የባንክ ደብተር ላይ ያርፋል። ለአሥራ አምስት ዓመት ማብቃቃቱ የቤተሰቡ ጣጣ ነው።

ጉራጌ ምድር ላይ ይህ ጣጣ የራሱ መልክ አለው። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤም ሆነች ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራ ሲሰፉ የሚገቡት እንሰት ጓሮ ውስጥ ነው። እንሰት በየዕድሜው ተለይቶ ይተከላል፤ የደረሰው ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ ያልደረሰው ተራውን ይጠብቃል። ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅ ባለቤቱ የከርሞውን ዛሬ ልብላው ቢል እንኳ ጓሮው እሺ አይለውም። ካሳ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ብር ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ቆጮ ገዝታ የማታውቅ እመቤት ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ዋጋ ትከራከራለች። ብሩ መሸርሸር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ሰው የሚያወራው ግን ስለ ሠርግና ስለ ባጃጅ ነው። በርግጥ ባጃጁም አለ። ከአንድ ሰፈር የተነሱ ሁሉ ባጃጅ ሲገዙ ተሳፋሪው አብሮ አይጨምርም። ዘመድም አበድሩኝ እያለ ይመጣል፤ እምቢ ማለት ደግሞ አገር ቤት ቀላል አይደለም።

አዲስ አበባ ይህን ቀድማ አይታዋለች። በቦሌ፣ በየካና በአቃቂ ዳርቻ አርሶ አደሮች ካሳ ተቀብለው ተነሱ፤ አንዳንዶቹም ብሩ አልቆ በቀድሞ እርሻቸው ላይ በቆመ ሕንፃ ዘበኛ ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ለተፈናቀሉ አርሶ አደሮች ኮንዶሚኒየም እሰጣለሁ ሲል ትልቅ ክርክር ተነሳ። ክርክሩ ፖለቲካ ስለነበረ አንዱ ነገር በቂ ትኩረት ሳያገኝ ቀረ፤ ካሳው ተከፍሎም ብዙዎቹ አልተቋቋሙም።

ታዲያ መፍትሔውን ሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። ጉራጌ ብዙ ብር በአንድ ጊዜ መቀበልን በመርካቶ ንግዱ ያውቀዋል፤ በእቁብ። ዕጣ የወጣለት እቁብተኛ ዋስ ካልጠራ ብሩን አይወስድም። ከወሰደም በኋላ ዙሩ እስኪያልቅ ይጥላል፤ ካልጣለ ዳኛው አለ፣ ዋሱ አለ፣ ስሙ አለ። ስለዚህ ብሩ ከመድረሱ በፊት መዋያው ታስቧል፤ ሱቅ ማስፋፊያ ነው፣ ወይ ዕቃ ማስመጫ። ካሳ የወሰደ ሰው ግን የሚጥለው ዙር የለበትም፣ የሚጠይቀውም የለም። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሰነፍና ታታሪ እያልን ሰው መከፋፈል አያስፈልገንም።

በ1950ዎቹ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። አዲስ አበባ የከተሙ ጉራጌዎች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው አገራቸውን በመንገድ ለማገናኘት ገንዘብ አዋጡ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ጄኔራል ወልደሥላሴ በረካ ነበሩ። ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድም በሕዝብ ማኅበር የተገፋ ነው። ገንዘቡ የተሰበሰበው ከነጋዴና ከሊስትሮ ኪስ ነው፤ መንገድ የሆነው ግን ኮሚቴ፣ መዝገብና ጠያቂ ስለነበረው ነው።

የካሳውን ብር ባንክ አስቀምጡት የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 100,000 ብር በዓመቱ 107,000 ሆነ፤ መቶ ሺህ ያወጣ የነበረው ዕቃ ግን በአማካይ ከ130,000 አለፈ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ምትክ ቦታ ያገኘ ቤተሰብ መጀመሪያ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ይሥራ፤ ሳሎኑ ይቆየው።

የወልቂጤና የቡታጅራ ማዘጋጃ ቤቶችም ካሳ ከመክፈላቸው በፊት ባልና ሚስትን አብረው ይጥሯቸው፤ ብሩ በጋራ ሒሳብ ይግባ። ከአንድ ሰፈር የሚነሱት ደግሞ ተበታትነው ሳይሰፍሩ እድራቸውንና እቁባቸውን ይዘው እንዲሄዱ ምትክ ቦታው አንድ ላይ ይሰጣቸው። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።