ማጠብና ማሳየት

በፔትዎርዝ ምድር ቤት ፊልም የምናጥበው ገንዘብ ስለሚያጥረን ነው፤ ብርሃን የማያስገባ ታንክ፣ ምስሉን የሚያወጣና የሚያጸና ኬሚካል፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ይበቃናል። አንዲት እናት ከአገር ይዘው የመጡትን ያልታጠበ ጥቅል ሲያስረክቡን ግን ጥያቄው ከኬሚካሉ ከበደ፤ በውስጡ ያሉትን ፊቶች የመግለጥ መብት አለን ወይ?

በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ከጓደኛ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ለእስር ሊዳርግ ይችል ነበር። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በተከፈተው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደግሞ የሟቾች ፎቶግራፍ ምስክር ሆኖ ተሰቅሏል። እንግዲህ ምስል ያሳስራልም፣ ይመሰክራልም።

ያልታጠበ ፊልም በቆየ ቁጥር ይደበዝዛል፤ ስለሆነም ማጠብ ቀጠሮ የማይሰጠው ግዴታ ነው። በስካነር ተባዝቶ የተሰራጨ ፊት ግን ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ስለሆነም ማሳየት የተነሣውን ሰው፣ እርሱ ከሌለም የቤተሰቡን ፈቃድ ሊጠብቅ ይገባል። ጥቅሉን አጥበን ምስሉን ለእኒያ እናት ብቻ አስረከብን።