ደበሎና በርኖስ
በብርድ አገር ከተሞች ያደገ ሰው እናቱን ሲያስብ የአውሬ ጠጕር ካፖርቷ በዓይኑ ይመጣበታል። በሰቆጣ ዙሪያ ደጋ ላደግነው ግን የሚመጣብን ደበሎ ነው፤ ይኸውም ጠጕሩ ሳይነሣ የለፋ የበግ ቆዳ ነው፥ ሽታውም ሳይቀር። ደበሎውን እናት በየቀኑ ትደርበዋለች፤ በርኖስ ያላት ግን በሳጥን ቈልፋ ከዓመት በዓል በቀር አታወጣውም። ይህ ስስት ነውን? አንባቢ ሆይ፥ ለመፍረድ አትቸኵል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በዋግ ብዙ ቤት ያለውን ሸጦ እህል ሸምቷል፤ የተቈለፈ ልብስ ያን ጊዜ እንጀራ ነው። ነገር ግን የቆሎ ተማሪ በደጅ ቆሞ በብርድ ቢንቀጠቀጥ እናት ምን ታድርግ? በእኔ አሳብ በርኖሱን ብትነፍገው አትወቀስም፥ የልጆቿ የክፉ ቀን ቀለብ ነውና። ደበሎው ግን የራሷ ገላ ማሞቂያ ስለ ሆነ፥ ከሌላው አፍ ሳትነጥቅ ልትሰጠው የሚቻላት እርሱን ነው።