ማደስና ማስመሰል
ሰው ያረጀውን ዕቃ ሊያድስ ሲነሣ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው የጠፋውን ሥራ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው የጠፋውን መልክ ብቻ መመለስ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ቀርበው ሲመረምሩአቸው ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ይህን ልዩነት ለመረዳት ትልቅ ሕንፃ ወይም የጥንት ሐውልት መፈለግ አያሻም። በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ትበቃናለች፤ ይህችውም የአሮጌ መኪና ክላክስ ናት።

ክላክስ የሚለው ቃል ከንግድ ስም የመጣ ነው። ሚለር ሪስ ሃቺሰን የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈው ጡሩምባ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. ክላክሶን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። የሚያስገርመው ግን ይኸው ሰው አስቀድሞ ጆሮአቸው ለደከመ ሰዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመስሚያ መሣሪያ የሠራ መሆኑ ነው። ፊት ሰው እንዲሰማ ረዳ፤ ኋላ ደግሞ ሰው የሚሰማውን ማስጠንቀቂያ ሠራ።

በመኪና ላይ ካሉት ዕቃዎች አብዛኞቹ የሚያገለግሉት ባለቤቱን ነው። ሞተሩ እርሱን ያንቀሳቅሳል፤ ወንበሩ እርሱን ያሳርፋል። ክላክስ ግን የተሠራው ይልቁንም ለሌላው ሰው ነው፤ ኳሱን ተከትሎ መንገድ ለሚገባው ሕፃን፥ ሸክሟን አዝላ ለምትሻገረው እናት ነው። ስለዚህ ክላክስ ድዳ ሲሆን ፊት የሚጎዳው ባለመኪናው ሳይሆን ስሙን እንኳ የማያውቀው መንገደኛ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች የሚታየውን አሮጌውን ቮልስዋገን እንውሰድ። የዚህ መኪና የመጨረሻው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ በተባለ ከተማ ተሠርቶ ሥራው አበቃ፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ነበር። ክላክሱ የተቀመጠው በፊተኛው የግራ ፓራፋንጎ ሥር ነው። ቍልፉ ሲጫን የኤሌክትሪኩ መንገድ ይገጥማል፤ ማግኔቱም ስሱን የብረት ሳሕን ይስባል። ሳሕኑ ሲሳብ ሁለቱን የመገናኛ ነጥቦች ያለያያቸውና ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ሲቋረጥ ሳሕኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ነጥቦቹም ደግመው ይገናኛሉ። ይህ በአንድ ሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይመላለሳል። የምንሰማው ጩኸት ይኸው የሳሕኑ መንቀጥቀጥ ነው።

እንግዲህ ዝም ያለ ክላክስ ሁሉ የሞተ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሽቦው ተበጥሷል፤ አንዳንድ ጊዜ ዝገት መጋጠሚያውን ሸፍኖታል፤ አንዳንድ ጊዜም ነጥቦቹ ጠቁረው ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ብለዋል። እውነተኛ አዳሽ ከመፍረዱ በፊት ይመረምራል። ኤሌክትሪኩ እስከ ክላክሱ መድረሱን ያረጋግጣል፤ ነጥቦቹን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ያጸዳል፤ ከዚያም ማስተካከያዋን ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት እያዞረ ያዳምጣል። ብሎኗ ወደ አንዱ ወገን ከመጠን ካለፈች ነጥቦቹ አይለያዩም፤ ወደ ሌላው ካለፈች አይገናኙም። ትክክለኛው ድምፅ የሚገኘው በመካከል ነው፤ የሚያገኘውም ትዕግሥት ያለው ብቻ ነው።

ችኩል ሰው ግን ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። እስከ 1966 ሞዴል ድረስ የነበሩት ቮልስዋገኖች በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ። ለ6 ቮልት በተሠራ ክላክስ ላይ 12 ቮልት ቢለቁበት ለጊዜው ይጮኽ ይሆናል፤ ጠምጣማው ሽቦ ግን ከዐቅሙ በላይ ግሎ ይቃጠላል። ከዚህም የባሰ አለ፤ የሞተውን አሮጌ ክላክስ ቀለም ቀብቶ በቦታው ያቆመዋል፤ ከኋላው ርካሽ አዲስ ክላክስ ይደብቃል፤ ለገዢውም «ሁሉም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው» ብሎ ይሸጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ነጥቡና ሽቦው የተለወጠ ክላክስ እንደ ፊተኛው ነው ሊባል ይችላልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ሲጠብቁት፥ ፈላስፎች «ያው መርከብ ነው» «አይደለም» እያሉ ይከራከሩበት ነበር። ለእኛ ግን ከክርክሩ ይልቅ የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ፤ የአቴና ሰዎች መለወጣቸውን አልደበቁም። ክፍልን መለወጥ ነውር አይደለም፤ ለውጡን ደብቆ በዋጋ መሸጥ ግን ነውር ነው።

«ገዢው አልጠየቀኝም፤ ድምፁም ይሰማል፤ ታዲያ ማን ተጎዳ?» የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው። ገዢው የከፈለው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለቃሉም ነው፤ ቃሉ ባዶ ከሆነ ያለ ዕቃ ገንዘብ ወስዶበታል። ደግሞም አንድ ጊዜ የታለለ ሰው በኋላ እውነተኛውን ሠራተኛ እንኳ አያምነውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አሮጌው ክላክስ ሁሉ ተሞክሮለት ድምፁ የማይመለስ ከሆነስ? በዚህ ጊዜ ፍርዱ ግልጽ ነው። የመንገደኛ ሕይወት ከዕቃ ቅርስነት ይቀድማል። አዲሱን በግልጽ ግጠም፤ አሮጌውን ጠርገህ አስቀምጥ፤ ለሚገዛህም ሁለቱን አሳይ። እንዲህ ያደረገ ሰው ቅርሱንም አላጠፋም፤ እውነቱንም አልሸጠም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር ለጋራዥ ብቻ የተነገረ አይምሰልህ። ሰውም ሲደክም፥ ሲሳሳትና ሲዝግ ራሱን ማደስ ይገባዋል። አንዱ ልብሱንና አነጋገሩን ያሳምራል፤ ጎረቤቱ ሲበደል ግን ድምፁ አይወጣም። ሌላው ውስጡን ፈትሾ ዝገቱን ይጠርጋል፤ መልኩ እንዳረጀ ቢቀር እንኳ በሚያስፈልግበት ሰዓት ድምፁ ይሰማል። ከሁለቱ የቱ እንደ ታደሰ መፍረድ አያስቸግርም። አንተም ራስህን ስታድስ አስቀድመህ «ለሰው የምጠቅምበት ሥራዬ ተመልሷልን?» ብለህ ጠይቅ፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።