ፍቅር ሌላ ሥጋ ይሻልን?

ስለ ነፍስ ፍልሰትና ስለ ትንሣኤ ሙታን



ሰው የሚወደውን በሞት ባጣ ጊዜ ከኅሊናው የሚፈልቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ዳግመኛ አየው ይሆንን?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ሕዝብ፥ መልስም ያልፈለገለት ዘመን የለም። ከተሰጡትም መልሶች አንዱ፥ ነፍስ ከሥጋዋ በተለየች ጊዜ ወደ ሌላ ሥጋ ገብታ እንደ ገና ትወለዳለች የሚለው ነው። ትምህርቱ ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆንም፥ ዛሬ በእጅ ስልክ አማካይነት ከልጆቻችን መዳፍ ስለ ደረሰ፥ ካህናትም ወላጆችም ሊያውቁትና መልስ ሊሰጡበት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ ወረዳ ካለችው ከፍስሐ ገነት፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስለ አንድ የጃፓን የሥዕል ታሪክ ጠይቀውናል። ጃፓኖች በሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተረከውን ይህን ዓይነት መጽሐፍ «ማንጋ» ይሉታል። ወጣቶቹ ያነበቡት ለሳቅና ለፍቅር የተጻፈ ሲሆን፥ ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞ ሕይወታቸው እጅግ ይዋደዱ የነበሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሞት ይለያያሉ። ከዘመን በኋላ ሁለቱም እንደ ገና ይወለዳሉ፤ ነገር ግን ወንድ የነበረው ሴት፥ ሴት የነበረችው ወንድ ሆነው ነው። የቀድሞውን ሁሉ ያስታውሳሉና ይተዋወቃሉ፤ ይፈላለጋሉም። እርሱ በሴት አካል ሳለ እንደ ቀድሞው ሊጠብቃት ይሻል፤ እርሷም በወንድ አካል ሳለች እንደ ቀድሞዋ ታፍራለች። ሳቁ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ወጣቶቹም «ይህን ማንበብ ኃጢአት ነውን? ደግሞስ እውነተኛ ፍቅር ከሞት በኋላ እንዲህ ሊገናኝ አይችልምን?» ብለዋል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ በአጭር ቃል እናልፈዋለን። ተረትን ተረት ነው ብሎ የሚሰማ ሰው ሃይማኖቱን አልለወጠም። እኛም በልጅነታችን ጦጣና ጅብ ሲነጋገሩ ሰምተን አድገናል። ይሁን እንጂ ተረት ሁሉ በሆዱ ትምህርት ይዞ ይመጣልና፥ አንባቢው በሳቁ መካከል ምን እንደ ተቀበለ መመርመር ይገባዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሰፊ መልስ ያሻዋል።

አስቀድሞ የትምህርቱን ምንጭ እንመልከት። ነፍስ ከሥጋ ወደ ሥጋ ትፈልሳለች የሚለው እምነት በህንድ አገር እጅግ የቆየ ነው። እንደ ገና መወለድን የሚያስተምረው የቡድሃ ሃይማኖትም በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ ጃፓን ገብቷል። ከግሪክ ፈላስፎችም አፍላጦን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ በ10ኛው ክፍል፥ የሙታን ነፍሳት የሚመጣውን ሕይወታቸውን ሲመርጡ ይተርካል። በዚያም አታላንታ የተባለችው ሴት የወንድ ስፖርተኛን ሕይወት ስትመርጥ፥ ኤፔዮስ የተባለው ወንድ ደግሞ ወደ ባለ እጅ ሴት ሕይወት ሲያልፍ ይታያል። እንግዲህ ወጣቶቻችን አዲስ ነገር ያገኙ ቢመስላቸውም፥ ወንድ ሴት፥ ሴትም ወንድ ሆኖ መወለድ ከ2,300 ዓመት በፊት የተጻፈ ሐሳብ ነው። በጃፓንም ራሱ ኦሳሙ ቴዙካ የተባለው ሠዓሊ፥ እ.ኤ.አ. በ1953 በጀመረው የሥዕል ታሪክ፥ የወንድም የሴትም ልብ ይዛ ተወልዳ እንደ ልዑል ያደገች ልጃገረድን ተርኳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በማኮቶ ሺንካይ ፊልምም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በእንቅልፋቸው አካል ይለዋወጣሉ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከጥንት ጀምሮ ይህን ያስተማሩት የህንድ ጠቢባንም፥ የቡድሃ ተከታዮችም፥ ደጋግሞ መወለድን እንደ ደስታ አይቆጥሩትም። እንዲያውም ሰው ሊፈታ የሚገባው እስራት፥ ሊወጣበት የሚገባው ዑደት ነው ይላሉ። መጽናኛ ያደረጉት የፍቅር ተረቶች ናቸው። በጃፓን የባልና የሚስት ማሰሪያ ለሁለት ሕይወት ይጸናል የሚል አባባል ነበረ። ይህም አባባል ጉዳት ሳያስከትል አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1703 ቺካማጹ ሞንዛኤሞን የተባለው ደራሲ፥ በዚህ ዓለም መጋባት ስላልቻሉ በሚመጣው እንገናኛለን ብለው አብረው ስለ ሞቱ ሁለት ወጣቶች የአሻንጉሊት ቲያትር ጻፈ። ታሪኩም በእውነት ከደረሰ ነገር የተወሰደ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ይህን የመሰለ ሞት ስለ በዛ፥ የአገሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1723 እንዲህ ያሉትን ቲያትሮች ከለከለ። ሌላ ሕይወት ይመጣል የሚል ተስፋ በእጅ ያለችውን ሕይወት እንዴት ሊያረክሳት እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ይላሉ? ወጣቶቹ በደብዳቤያቸው ነገሩን «ዳግም ልደት» ብለው ጠርተውታል። ይህ ስም ግን ባለቤት አለው። በዐቢይ ጾም በ7ኛው ሰንበት የምናስበው ኒቆዲሞስ፥ ስለ ዳግመኛ መወለድ በሰማ ጊዜ፥ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ወደ እናቱ ማኅፀን ተመልሶ ይወለዳል? ብሎ መጠየቁን ዮሐንስ ወንጌላዊ በ3ኛው ምዕራፍ ጽፎልናል። የጃፓኑ ተረት የሚተርከው ይህንኑ የኒቆዲሞስን ግራ መጋባት ነው። ጌታችን ግን ዳግም ልደት ከማኅፀን ሳይሆን ከውኃና ከመንፈስ መሆኑን አስረዳው። ስለዚህ የነፍስን ፍልሰት «የነፍስ ፍልሰት» እንበለው፤ «ዳግም ልደት» የሚለውን ስም ለጥምቀት እንተውለት።

አንዳንዶች መጥምቁ ዮሐንስ ኤልያስ ተብሎአልና ነፍስ ትፈልሳለች ማለት ነው ይላሉ። የሉቃስ ወንጌል ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ ዮሐንስ የሚመጣው በኤልያስ መንፈስና ኃይል መሆኑን ገልጦ ነገሩን ፈትቶታል። ደግሞም በደብረ ታቦር ኤልያስ የተገለጠው ዮሐንስ አንገቱን ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ የታየውም ኤልያስ ሆኖ ነው እንጂ ዮሐንስ ሆኖ አይደለም። የእስክንድርያው ኦሪጀኒስ እንኳ፥ ነፍሳት ከሥጋ በፊት ነበሩ በማለቱ የተነቀፈ ሆኖ ሳለ፥ የማቴዎስን ወንጌል በተረጐመበት መጽሐፉ ይህን ክፍል ለነፍስ ፍልሰት ማስረጃ ማድረግን ተቃውሟል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰውም ደቀ መዛሙርት ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታችን የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ነገራቸው። ሐዋርያውም ለዕብራውያን በጻፈው በ9ኛው ምዕራፍ ሰው የሚሞተው አንድ ጊዜ፥ ከዚያም በኋላ የሚጠብቀው ፍርድ መሆኑን አስተምሯል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን የምታስተምረው ሰው ነፍስ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሥጋ ለነፍስ እንደ ሸማ የሚለበስና የሚወልቅ አይደለም፤ ሰው ማለት ነፍስና ሥጋ በአንድነት ነው። ለዚህ ተረቱ ራሱ ምስክር ይሆነናል። ሥጋ ሸማ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በሴት አካል የተወለደው ወንድ ምን ያስጨንቀው ነበር? አንባቢስ በምን ይስቅ ነበር? ሳቁ የመጣው አካል የሰውየው ማንነት ክፍል ስለ ሆነ ነው። ደራሲው ሳያስበው ለእኛ መሰከረ።

ነገሩን በጌዴኦ ምድር ባለ ምሳሌ እናስረዳ። እንሰትና ቡና ከዛፍ ጥላ ሥር ተስማምተው የሚያድጉበት ይህ ምድር በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። የእንሰት ተክል ተቆርጦ አምቾው በተቀበረ ጊዜ ቡቃያ ያወጣል። «እነሆ እናቲቱ ሞታ በልጅዋ ተመለሰች» የሚል ቢኖር፥ ከአንዱ አምቾ የሚወጣው ቡቃያ ብዙ መሆኑን ይመልከት። እናቲቱ የትኛዋ ናት? ቡቃያዎቹ ልጆች ናቸው እንጂ እናቲቱ አይደሉም። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በ15ኛው ምዕራፍ የትንሣኤን ነገር በዘር መስሎ አስተምሯል፤ ለእያንዳንዱ ዘር የራሱ አካል ይሰጠዋልና። የኮቸሬ ገበሬም የቡና ፍሬ ዘርቶ እንሰት አይጠብቅም። ትንሣኤ ማለት ያው የተዘራው በክብር መነሣቱ ነው። ቶማስ የዳሰሰው የተቸነከረውን እጅ፥ የተወጋውንም ጐን ነበረ እንጂ ሌላ አካል አልነበረም። ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ የሆነውም ስለዚህ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት ይህንኑ ይናገራል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ተጠምቀው የክርስትና ስም ይቀበላሉ። ሰው ሲሞት ፍትሐት የሚደረስለት፥ በ40ኛውም ቀን በተዝካሩም በቅዳሴውም የሚታሰበው በዚያው ስም ነው። ነፍስ ወደ ሌላ ሥጋ ሄዳ ቢሆን ኖሮ፥ በማን ስም እንጸልይ ነበር? አባቷን ለማሰብ መገበሪያ ይዛ የመጣች ልጅስ፥ አባቷ በሌላ ቤት የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ቢገኝ ለማን ታዘክራለች? በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ሙት ስሙን አያጣም።

«እንግዲያስ ባልና ሚስት በሰማይ እንዴት ይሆናሉ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሰዱቃውያንም ሰባት ወንድማማቾችን በየተራ ስላገባች ሴት ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ጌታችንም በትንሣኤ ማግባትና መጋባት እንደሌለ፥ ሰዎችም እንደ መላእክት እንደሚሆኑ መለሰላቸው፤ ማቴዎስ በ22ኛው ምዕራፍ ጽፎታል። ይህን ቃል ሰምታ የምታዝን መበለት እንዳለች እናውቃለን። ነገር ግን እናቴ ሆይ፥ ቃሉ ጋብቻ እንደማይኖር ተናገረ እንጂ ፍቅር ይጠፋል አላለም። ባለጠጋው ሰው በሲኦል ሆኖ አልዓዛርን አውቆታል፤ ሙሴና ኤልያስም በታቦር ተራራ በየስማቸው ታውቀዋል። በዚያ የሚቀረው የፍቅር ፍርሃቱ፥ ቅናቱና መለያየቱ ነው። በተክሊል የጀመረው ፍቅር በእግዚአብሔር ፊት ይፈጸማል እንጂ አይፈርስም።

አሁን የነገሩን ልብ እንናገር። ወጣቶች ይህን ተረት የወደዱት በከንቱ አይደለም። በውስጡ አንድ መልካም ምኞት አለ። ባል የሚስቱን፥ ሚስትም የባሏን ሸክም ውስጡ ገብቶ ማወቅ እጅግ ያማረ ነገር ነው። ተረቱ ይህ እውቀት የሚገኘው ሞቶ በሌላው አካል በመወለድ ነው ይላል። ወንጌል ግን ዛሬ ይሁን ይላል። ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች በ5ኛው ምዕራፍ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንደ ገዛ ሥጋቸው እንዲወዱ አዟል። እንደ ገዛ ሥጋህ ከወደድሃት፥ ሥጋዋን ለማወቅ ሥጋህን መለወጥ ምን ያስፈልግሃል? በጌዴኦ ቤት እንሰት የምትፍቀውና ቆጮ የምታዘጋጀው ሴቲቱ ናት። ባሏ ድካሟን ያውቅ ዘንድ ሴት ሆኖ መወለድ አያሻውም፤ ውኃውን መቅዳት፥ እንጨቱን መሸከም፥ ሕፃኑንም ማቀፍ ይበቃዋል። እርሷም የዝናቡ መቅረትና የቡናው ዋጋ መውደቅ ስለሚያስጨንቀው ባሏ ጭንቀት፥ ወንድ ሳትሆን፥ ጠይቃ ልትረዳ ትችላለች።

በስንክሳር ታሪኳ የሚነበበውን ቅድስት እንባ መሪናን እናስብ። የወንድ ልብስ ለብሳ በወንዶች ገዳም ስትኖር፥ የሰው ልጅ አስረገዝህ ተብላ በሐሰት ተከሰሰች፤ ራሷን ልትገልጥ ስትችል ዝም ብላ ነቀፋውን ተሸከመች፥ ሕፃኑንም አሳደገች። እውነቱ የታወቀው በሞተች ጊዜ ነው። በዘመናችን አቅራቢያም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ባሳተሙት ልብ ወለድ፥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። አንዲቱ በቅድስና፥ ሁለተኛዪቱ በተረት፥ ልብሳቸውን ለወጡ እንጂ ማንነታቸውን አልለወጡም፤ የሌላውን ሸክም የተሸከሙትም በዚህችው በአንዲት ሕይወታቸው ነው።

ስለዚህ እናንተ ወጣቶች ሆይ፥ የቀረባችሁን ይቅርታ ለሚመጣው ልደት አታቆዩት። ያልተናገራችሁት የምስጋና ቃል፥ ያልታረቃችሁት ወንድም፥ ያልጠየቃችሁት የእናት ድካም ካለ፥ ሌላ ጊዜ የለውምና ዛሬ ይፈጸም። ወላጆች ፍቅራችንን ከለከሉ፥ ዓለምም ጠበበን ብሎ በሞት መገናኘትን የሚያስብ ሰው በመካከላችሁ ቢኖር፥ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ንስሐ አባቱና ወደሚወዱት ዘመዶቹ፥ ወደ ሐኪምም አድርሱት። እናንተም ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣን ወጣት በቍጣ አታባርሩት። የጠየቀው የሞትንና የፍቅርን ነገር ነው፤ ለዚህም ከቤተ ክርስቲያን የተሻለ መልስ ያለው የለም።

የፍስሐ ገነት ስም የገነት ደስታ ማለት ነው። ወደዚያ ደስታ የምንደርሰው ደጋግመን በመወለድ ሳይሆን፥ በተሰጠችን በአንዲት ሕይወት፥ በተሰጠን በአንድ ሥጋ፥ ከተሰጡን ሰዎች ጋር በፍቅር በመኖር ነው። የምንወዳቸውን በየስማቸው ጠርቶ በቀኙ ያቆማቸው ዘንድ፥ እኛንም ከእነርሱ ጋር ይቈጥረን ዘንድ የአምላካችን ቸርነት ይርዳን። አሜን።