ማዕድ ያቃለልን እኛ

ወገኖቼ ሆይ፣ የማዕድ ሥርዓት ያልተነገረው ከመካከላችን ማን አለ? እጁን ሳይታጠብ ወደ መሶብ የሚዘረጋ፣ ታላቅ ሳይቆርስ የሚቆርስ፣ በባልንጀራው ፊት ያለውን የሚያነሣ፣ አላፊውን «እንብላ» ሳይል የሚጎርስ ልጅ ነውረኛ እንደ ሆነ በወላጆቻችን ቤት በቃልም በቁንጥጫም ተምረናል። ሥርዓቱ የተጻፈበት ሰሌዳ አልነበረውም፤ እጅ በሚያስታጥበው ልጅ ጎንበስ ማለት፣ እንግዳ ሲገባ ከወንበር ብድግ ብሎ «ኖር» በማለት፣ በእናቶች «በሞቴ» ውስጥ ይኖር ነበር። አላጣነውም፤ እያወቅን ጣልነው። በደላችንንም የሚያከብደው ይኸው ማወቃችን ነው።

ቅዳሜና እሑድ፣ ይልቁንም ጾም በተፈታ ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ የሚወጡትን መንገዶች ተመልከቱ። እንጦጦን ተሻግሮ ጎጃም በሚያወጣው መንገድ ወደ ሱሉልታ፣ በአምቦው መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጅማው መንገድ ወደ ሰበታ፣ መኪናው ተከታትሎ ይተማል፤ ሥጋ ቤቱም ይሞላል። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ እንጂ፣ ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ዋና ከተማዪቱን ሲያጠጡና ሲያበሉ የኖሩ ናቸው፤ በቡራዩ በኩል የተገደበው የገፈርሳ ውኃ በየቧንቧችን ይወርዳል፣ የሱሉልታ ወተት በየማለዳው ለልጆቻችን ይደርሳል፣ ከፊታችን የምንደረድረው ቢራም ቢሆን ከሰበታ የሚጠመቅ አለበት። እንግዲህ በእነርሱ ደጃፍ ስንቀመጥ ውለታ ያለብን እንግዶች ነን፤ እኛ ግን ገንዘብ ስለ ከፈልን ብቻ ጌቶች የሆንን መሰለን፣ እንግዳነት የሚጠይቀውን ትሕትና ከመኪናው ጋር ከውጭ አቁመን ገባን።

ሰዎች ተነሥተው የሄዱበትን አንድ ገበታ ቀርባችሁ እዩ። ሁለት ኪሎ የሚበቃቸው ሰዎች አምስት ኪሎ አስቆርጠዋል፤ የተረፈው ጮማ በደጋው ብርድ ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ ከሻኛው አንዱ ቁራጭ ተነክሶ ተመልሶ ትሪው ላይ ወድቋል፤ ያበሱበት ሶፍት በአዋዜው ውስጥ ተነክሯል፤ ሚጥሚጣው በእንጀራው ላይ ተደፍቶ እንጀራው ለሌላ ሰው እንዳይሆን ሆኗል። ባዶው ጠርሙስ ግን አልተነሣም፣ «ተይው፣ አታንሺው» ተብሏልና፤ ቁጥሩ በጎረቤት ጠረጴዛ ላሉት እንዲታይ ነው። ከጥጋብ የከፋው ይህ ነው፤ ሆድ መጠን አለው፣ ከንቱ ውዳሴ ግን መጠን የለውም፤ የተራበ ሰው ቢያግበሰብስ ይታዘንለታል፣ ያልተራበ ሰው ለመታየት ብሎ ያስቆረጠውን ሥጋ ሲያበላሽ ግን በእግዚአብሔር ስጦታ ላይ ያላግጣል፣ በከብቱም ሕይወት ላይ፣ ያንን ከብት በጭድና በሣር አብልቶ ባሳደገው ገበሬም ድካም ላይ።

በደጁስ? በደጁ የቆመውን ነዳይ ዘበኛው ያርቀዋል፤ እኛም ፊታችንን ወደ ስልካችን እንመልሳለን። የነዌንና የአልዓዛርን ነገር በየቤተ ክርስቲያኑ ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን፤ ነዌ የተኮነነው ስለ በላ ሳይሆን በደጁ የወደቀውን ስላላየ መሆኑን ማንም ሊነግረን አያሻም። ሐዋርያው ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል ብሎ ሲገሥጻቸው፣ ድኻውን ያሳፈሩበትን ገበታ የጌታ እራት ብሎ ለመጥራት አልፈቀደም። እኛ ታዲያ አጽዋማቱን ቈጥረን ጾመን፣ በፍስኩ ቀን ለነዳይ የማይተርፍ፣ ለውሻ ግን የሚተርፍ ገበታ ዘረጋን፤ የጾሙን ድካም በአንድ ቀን ትዕቢት በተንነው።

ይህ የማዕድ ሥርዓት የአንድ ወገን ርስት አይደለም። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ገበሬ ቤት ስትገቡ፣ ሽማግሌው ሳይመርቅ የሚቀመስ ነገር የለም፤ ምርቃቱ ሲወርድ የተሰበሰበው ሁሉ «ሃ ታኡ» እያለ ይቀበላል። ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» ብሎ በቀኝ እጁ ከፊቱ ያለውን ይበላል። ክርስቲያኑ ጸሎተ ማዕድ ሳያደርስ አይቆርስም። በሠርግና በለቅሶ ቤትም የሃይማኖት ልዩነት ያለበት እንግዳ ይመጣል ተብሎ የእርሱ ሥጋ በእርሱ ወገን እጅ ለብቻ ይታረዳል፣ የሚጾም ባልንጀራ ካለም ሽሮው ሳይጠየቅ ይቀርብለታል። ይህን ያህል ጥንቃቄ ያቆየልን ሕዝብ ልጆች ሆነን ሳለን፣ ዛሬ የሚጾመውን ባልንጀራችንን በጥብስ ሽታ እንፈታተነዋለን፣ እንስቅበትማለን።

«ሥልጣኔ ነው» የምንል ካለን፣ የሠለጠኑትን እንጠይቅ። በኮሪያ ታላቅ ማንኪያውን ሳያነሣ ታናሽ አያነሣም። ጃፓናዊ ሳይበላ እጁን ገጥሞ ያመሰግናል፤ የመብያ እንጨቱን በሩዝ ላይ አቁሞ አይተውም፣ ለሙታን የሚቀርበውን መባ ይመስላልና። አውሮጳዊው ኤራስመስ በ1530 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለልጆች ምግባር ባዘጋጀው ትንሽ መጽሐፍ፣ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ሳሕኑ እጁን የሚሰድደውን ልጅ አጥብቆ ነቅፏል። የእኛ እናቶች መጽሐፉን ሳያዩ ያንኑ አስተምረውናል። ወግ በየአገሩ ይለያያል፤ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው አለ የማይል ወግ ግን የትም አላየሁም፤ እኛ የጣልነውም ይህንኑ ነው።

የቀደመው ሁሉ ቅዱስ ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የቤተ መንግሥቱ ግብር በማዕረግ የተከፋፈለ፣ ብልቱም በሹመት የተመደበ ነበር፤ በስንት ቤት ደግሞ ያበሰለችው ሴት የቀመሰችው ሌላው ከጠገበ በኋላ ነው። ያ ቢቀር አይቈጨኝም፤ ሴቲቱ እንዳትቀመጥ የሚከለክል ወግ ፈርሶ እርሷ ከገበታው እኩል ብትቀርብ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ጭቈናውን ጠብቀን ርኅራኄውን መጣላችን ነው፤ ዛሬም አስተናጋጇን በፉጨት እንጠራታለን፣ ስሟን አንጠይቅም፣ ልጃችን ሊሆን የሚችለውን ወጣት ስለ ዘገየ በሰው ፊት እናዋርዳለን፣ እንጀራ ቈርሰን «እንኪ» የማለት ነገርማ ጨርሶ ተረስቷል። ጉርሻም ቢሆን ስልክ ሳይደገን አይዘረጋም፤ የተጎራሹን ዓይን ማየት ቀርቶ ካሜራውን እናያለን፣ «አልሆነም፣ ድገመው» እየተባለ ፍቅር ይደገማል። ቡናውም ከአቦሉ ሳያልፍ ይተዋል፤ ቶናውና በረካው ከምድጃው ላይ እያለ «እንቸኩላለን» ብለን እንነሣለን፣ ወጥተንም በመኪና ውስጥ ስልክ ስናይ እንቈያለን።

ከሁሉ በላይ ግን ልጆቻችን ከእኛ ጋር ተቀምጠው ያያሉ። በአዛውንት እጅ ላይ ውኃ አፍስሶ የማያውቅ፣ ፎጣ በክንዱ አንጠልጥሎ ተራውን ያልጠበቀ፣ «እደጉ፣ ተመንደጉ» ተብሎ ከማዕድ በኋላ ያልተመረቀ ልጅ አሥር ዓመት ሞልቶታል፤ አያቱ ከገጠር ሲመጡ ሳይታጠቡ አይበሉምና ለምን ቁጭ ብለው እንደሚጠብቁ አይገባውም፣ እርሳቸውም የሚያስታጥብ ሲያጡ ዝም ብለው ወደ ቧንቧው ይሄዳሉ። ይህን ልጅ ማን ያስተምረው? ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ የሱሉልታ ሥጋ ቤትም አይደለም። አባትና እናት ሆነን በዚያ ገበታ ዙሪያ የተቀመጥን እኛ ነን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንቀመጥ ማንቆርቆሪያውን ለልጃችን እንስጠው፣ የሚበቃንን ያህል ብቻ እናስቆርጥ፣ የተረፈውንም ሳናበላሽ በንጹሕ አስጠቅልለን በደጁ ለቆመው በእጃችን እንስጥ፣ ለአስተናጋጇም ስሟን ጠይቀን «እንብላ» እንበላት።