ርካሽ ዕቃና ውድ ምኞት

የሰው ጠባይ የሚታወቀው በታላላቅ ጕዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። እኔ ግን ሰው ልቡን የሚገልጠው ይልቁንም በትንንሽ ነገር፣ ከሁሉም አብልጦ ኪሱን ከፍቶ ዕቃ በሚገዛበት ሰዓት ነው እላለሁ። ስለዚህ ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቼ የምጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ እርስዋም ለቤዝ ጊታር የምትሆን የእግር ፔዳል ናት። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ርካሹን ዕቃ ሲመርጥ የሚያጣው ምንድን ነው? ውዱን ሲመርጥስ በእውነት የሚያገኘው ምንድን ነው?

ይህን ዕቃ ለማያውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ቤዝ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ አራት ወፍራም ክሮች ያሉትና በባንድ ውስጥ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ፔዳል የሚባለው ደግሞ በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መካከል የሚገባ፣ በእግር ሲረገጥ ድምፁን የሚለውጥ ትንሽ ሣጥን ነው። አንዱ ድምፁን ያሻክራል፤ አንዱ ያወፍራል፤ አንዱ እንደ ውኃ ያወዛውዛል። ቤዝ የሚጫወት ሰው በባንድ ውስጥ ያለው ቦታ የቤት ምሰሶ በቤት ውስጥ እንዳለው ቦታ ነው። እንግዳ ሲገባ መጋረጃውንና ምንጣፉን ያደንቃል እንጂ ምሰሶውን አያደንቅም፤ ምሰሶው የወደቀ እንደ ሆነ ግን ወዲያው ያውቀዋል።

እኔም እንዲህ ያለ ምሰሶ ሆኜ መኖር ሰለቸኝ። በአዲስ አበባ በሥራ ቀን በአንድ ጽሕፈት ቤት እየሠራሁ፣ ቅዳሜና እሑድ በሠርግ ላይ ከሚጫወት ትንሽ ባንድ ጋር ቤዝ እጫወት ነበር። ጊታር ተጫዋቻችን ፔዳሉን ረግጦ ድምፁን ሲያስጮኸው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል፤ እኔን ግን የሚያየኝ አልነበረም። በዚህ መካከል አንድ ዝነኛ ባለሙያ የሚጠቀምበትን ፔዳል በሥዕል አየሁና ልቤ በእርሱ ላይ ተሰቀለ። ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜን ያህል ነበር። ከአሜሪካ ለዕረፍት የምትመጣው አክስቴ፣ ገንዘቡን ካዘጋጀሁ ገዝታ ልታመጣልኝ ተስማማች።

ገንዘቡ በእጄ ነበረ፤ ነገር ግን የኔ አልነበረም። ታናሽ እኅቴ ኮሌጅ ትማር ስለ ነበር የሚቀጥለውን መንፈቅ መመዝገቢያ እኔ ልከፍል ቃል ገብቼላት፣ ወር በወር ያጠራቀምሁት ለዚሁ ነበር። በልቤም እንዲህ አልሁ፦ «ይህ ፔዳል ሥራ ያመጣልኛል፤ ገንዘቡም ምዝገባው ሳያልፍ ተመልሶ ይገባል።» ሰው ራሱን ሊያታልል ሲፈልግ እንዴት ያለ የሒሳብ ዐዋቂ እንደሚሆን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ፔዳሉ መጣ፤ ሥራው ግን አልመጣም፤ የምዝገባውም ቀን አለፈ። ለእኅቴ ነገሩን ስነግራት አልተቈጣችም። «ምንም አይደል፣ ወንድም ጋሼ፤ ሌላ መንፈቅ አለ» ብላ ዝም አለች። ብትቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ፔዳሉን ይዤ በወጣሁበት በመጀመሪያው ሠርግ፣ ጭፈራው በደመቀበት ሰዓት ረገጥሁት። በቤቴ ብቻዬን ስሞክረው እንደ አንበሳ ያገሣ የነበረው ድምፅ፣ በድራሙና በኪቦርዱ መካከል ሲገባ እንደ ጥንዚዛ ጢዝ የሚል ሆኖ ቀረ። ጭፈራውም ከእግር በታች መሬቱ የተወሰደበት ይመስል ቀዘቀዘ። የባንዳችን መሪ፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ልጄ፣ የት ሄድህ?» አሉኝ።

የሄድሁበትን በኋላ ተማርሁት። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የተራው ጊታር ዝቅተኛ ክር ግን 82 ጊዜ ያህል። ለጊታር ታስበው የተሠሩ ብዙ ማሻከሪያ ፔዳሎች ድምፁ እንዳይደፈርስ ሲሉ ዝቅተኛውን ክፍል አስቀድመው ይቀንሱታል። ለጊታር ይህ መልካም ነው፤ ለቤዝ ግን የሚቀነሰው የቤዝ መሠረቱ ነው። እኔ የገዛሁትም የጊታር ፔዳል ነበር። በሁለት ወር ደመወዝ ገዝቼ በእግሬ እየረገጥሁ ያጠፋሁት የራሴን ድምፅ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ በዚያን ቀን የገዛሁት ምን ነበር? ድምፅ አልነበረም፤ ድምፁንማ ሳልሰማው ነው የገዛሁት። የገዛሁት የሌላውን ሰው ዝና ነበር። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ፦ ዝናውን ለመግዛት የከፈልሁት የሌላ ሰው ገንዘብ ነበር።

ይህ ከደረሰብኝ በኋላ የፔዳልን ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። በአሜሪካ አገር በናሽቪል ከተማ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1961 የታወቀው «ዶንት ዎሪ» የተባለው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ሲቀረጽ፣ ግሬዲ ማርቲን የተባለው ሙዚቀኛ ባለ ስድስት ክር ቤዝ ይጫወት ነበር። የመቅረጫ መሣሪያው አንዱ መሥመር ተበላሽቶ ስለ ነበር ድምፁ ሻክሮና ተቀዶ ወጣ። የተበላሸውን አርመው እንደገና መቅረጽ ይችሉ ነበር፤ ግን ድምፁን ወደው ተዉት። የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲም ያንን ብልሽት አስቦ የሚያወጣ መሣሪያ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሠራ፤ የጊብሰን ኩባንያም በ1962 ማኤስትሮ ፈዝቶን ብሎ ለገበያ አወጣው። ዛሬ ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት ሻካራ ድምፅ በተሰበረ ዕቃ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። ዋጋ የሰጠው የሰሚው ጆሮ ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ። በዲትሮይት ከተማ ሞታውን ለተባለው የሸክላ ኩባንያ ይጫወት የነበረው ጄምስ ጀመርሰን፣ እስከ ዛሬ ከቤዝ ተጫዋቾች ሁሉ በላይ ከሚከበሩት አንዱ ነው። እርሱ በአብዛኛው ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ በአንድ ጣቱ ብቻ ነበር፤ የጊታሩም ድምፅ በቀጥታ ወደ መቅረጫው ይገባ ነበር። ሣጥንም ፔዳልም አላስፈለገውም። ይህን ሳነብ አፈርሁ። እኔ አራት ክር በሥርዓት ሳልገዛ ማስጌጫ ልገዛ ሄጄ ነበርና።

ይህን ስል ፔዳል ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ1965 ቢትልሶች «ቲንክ ፎር ዩርሰልፍ» የተባለውን ዘፈን ሲቀርጹ፣ ፖል ማካርትኒ ንጹሑን የቤዝ ድምፅ ሳይተው ሻካራውን ቤዝ በላዩ ጨመረበት። ምሰሶው በቦታው ቆሞ ጌጡ ተሰቀለበት እንጂ፣ ጌጡ ምሰሶውን ነቅሎ በቦታው አልቆመም። ፔዳል ለመግዛት ለሚፈልግ ወጣትም ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም፤ ስለዚህ በሥራ እንዴት እንደሚገለጥ ላሳይ።

ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው አስቀድሞ የሚገዛው የክር መቃኛውን ይሁን። ይህ ድምፁን አያስጌጥም፤ ነገር ግን ከሌሎች ጋር ያስማማል፤ አብዛኛውም ሲረገጥ ድምፁን ስለሚዘጋው በሰው ፊት ያለ ጩኸት ለመቃኘት ያስችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ኮምፕረሰር ነው፤ እርሱም ከመጠን የጮኸውን ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ እያደረገ ያስተካክላል። ሆኖም ይህን ሥራ ጣት በልምምድ ሊሠራው ይችላልና ማስቀደም አያስፈልግም። ማሻከሪያ የሚፈልግ ግን ንጹሑን ድምፅ ከተለወጠው ጋር የሚቀላቅል፣ ብሌንድ የሚባል የሚዞር ቍልፍ ያለበትን ይምረጥ። ይህ ቍልፍ ያለው ርካሽ ፔዳል፣ ይህ ከሌለው ውድ ፔዳል ይልቅ ለቤዝ ይጠቅማል። ብዙ ዓይነት ድምፅ ሞክሮ የሚወደውን ገና ለሚፈልግ ደግሞ፣ እንደ ጃፓኑ ዙም «ቢ1 ፎር» ያለ፣ ብዙ ድምፅ፣ የክር መቃኛና የከበሮ ምት በአንድ ሣጥን የያዘ መሣሪያ ካምስት ፔዳል ያድነዋል።

ዕቃውን ሲፈትንም ብቻውን በጓዳ ሳይሆን ከባልንጀሮቹ ጋር እየተጫወተ ይፈትነው። ፔዳሉ ሲረገጥና ሲለቀቅ የድምፁ ከፍታ እኩል ይሁን፤ ጆሮ የጮኸውን ሁሉ ያማረ አድርጎ ይቀበላልና። ርካሽ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚጐድለው በሣጥኑ፣ በመርገጫውና በሽቦ መሰኪያው ላይ ነው፤ ስለዚህ እነዚህን በእጁ እያነቃነቀ ይመርምር። መብራቱንም አይርሳ፤ ከአሜሪካ የሚመጣው አዳፕተር አንዳንዱ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ የአገራችን መብራት ግን 220 ቮልት ስለ ሆነ በአንድ ሴኮንድ ያቃጥለዋል።

እኔም በመጨረሻ ውዱን ፔዳል በኪሳራ ሸጬ፣ በዋጋው ጥቂት ክፍል ያገለገለ የቤሪንገር «ቢ.ዲ.አይ.21» ገዛሁ። ሣጥኑ ፕላስቲክ ነው፤ ብሌንድ ግን አለው፤ ድምፁንም በቀጥታ ወደ ማደባለቂያው ይልካል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ኅሊናዬን ወጋው። ይህ ዕቃ ቴክ 21 የተባለው ኩባንያ አስቀድሞ ያወጣውን «ሳንዝአምፕ ቤዝ ድራይቨር» የተባለውን ፔዳል ተከትሎ የተሠራ ነው። ሌላው ደክሞ ያገኘውን በርካሽ መግዛት ቅንነት ነውን?

ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብሁ። አንዱ ጠቢብ ከሌላው ሥራ መማሩ ከጥንት የነበረ ነው፤ ቀጥቃጭ የጎረቤቱን ማረሻ አይቶ ማረሻ ቢሠራ ሌባ አንለውም። የጎረቤቱን ምልክት በማረሻው ላይ ቢቀርጽበት ግን ሌባም ሐሰተኛም ነው። ወሰኑ የት እንደ ሆነ ታላላቆቹም ይከራከሩበታል። በ2005 የቦስ ፔዳሎች ባለቤት ሮላንድ፣ ቤሪንገር የፔዳሎቼን መልክ አስመስሏል ብሎ ከሶት ነበር፤ ነገሩም በስምምነት አልቋል። እኔ ለራሴ ያበጀሁት ሕግ ይህ ነው፦ የሌላውን ስም በሐሰት የለበሰ ዕቃ አልገዛም፤ የገዛሁትንም ቅጂ ዋናው ነው ብዬ አልኩራራበትም፤ አቅም ባገኘሁ ጊዜ ደግሞ አስቀድሞ ላሰበው ሰው ድካሙን እከፍላለሁ። ይህ ሕግ ፍጹም ነው አልልም፤ ርካሹ ዋጋ በማናየው ሠራተኛ ድካም ተከፍሎ ሊሆን ይችላልና። ሆኖም የገዛነውን ዕቃ ማን እንደ ሠራውና ማን እንዳሰበው መጠየቅ፣ ካለመጠየቅ ይሻላል።

ርካሽነትም የራሱ ወጥመድ እንዳለው ሳልናገር አላልፍም። ርካሹ ፔዳል ደስ ቢለኝ ሁለተኛ ገዛሁ፤ ሦስተኛና አራተኛም ጨመርሁ። ዋጋቸው ትንሽ ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ ራሴን አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ሦስቱን በመሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሰው አገኘኋቸውና ብደምራቸው ከዚያ ውድ ፔዳል ዋጋ ግማሽ ደርሰዋል። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባላል። ስስት ባንድ ጊዜ ብዙ ብትጐርስም፣ ደጋግማ ጥቂት ጥቂት ብትጐርስም ያው ስስት ናት። ርካሽ መግዛት ምግባር የሚሆነው፣ የቀረው ገንዘብ ለሚገባው ሰው ሲደርስ ብቻ ነው።

እኅቴ በሚቀጥለው መንፈቅ ተመዘገበች። ጓደኞችዋ በተመረቁበት ቀን እርስዋ ከሕዝቡ መካከል ቆማ ታጨበጭብ ነበር፤ እኔም አጠገብዋ ነበርሁ። ፔዳሉ ተሽጧል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል፤ ያ መንፈቅ ግን አልተመለሰም፤ ሊመለስም አይችልም። በኋላ በተመረቀች ጊዜ ለድግስዋ የተጫወትነው እኛ ነበርን። በዚያች ቀን ያን የፕላስቲክ ሣጥን በንጹሕ ድምፅ ላይ ጥቂት ብቻ ጨምሬበት ተጫወትሁ። ዞር ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሁሉም ይጨፍር ነበር፤ ጋሼም የት እንደ ሄድሁ አልጠየቁኝም።

ወጣቶች ሆይ፣ ዕቃ ለመግዛት እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ስትሰዱ ዋጋው ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ የዋጋ ትልቅነትም ትንሽነትም ዳኛ ሊሆን አይችልምና። ይልቁንስ ይህን ጠይቁ፦ የጐደለኝ ዕቃው ነው ወይስ እጄ? ከእኔ ጋር የሚጫወቱት በዚህ ይጠቀማሉን? የምከፍለውስ ገንዘብ የማን ነው? እነዚህን ሦስቱን በቅን ልብ የመለሰ ሰው፣ ርካሹንም ቢገዛ ውዱንም ቢገዛ አይከስርም።